ሁለት የጠላቂ ኮምፒውተር ይዘን ወደ ጎጃም

ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግኩ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ደግሞ ውሃ ውስጥ እየገባሁ የመርከብ ሆድ በመፋቅ የምተዳደር ሰው ነኝ። ባሕር ማለት ለእኔ ሙቅ፣ ጨዋማ፣ ቆላ ያለ ነገር ነበር። ሰው ጋቢ ደርቦ በሚውልበት በጎጃም ደጋ ላይ አርባ ሜትር አልፈህ ትጠልቃለህ ብሎ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር፣ ጫት አብዝተሃል እለው ነበር። ገባሁ፤ ወጣሁም። ድሬ ያሉ ጓደኞቼ «እስኪ ከመጀመሪያው አውራው» እያሉ ስላስቸገሩኝ፣ ለእነሱም፣ ወደዚያ ለማይሄድ ሰውም እንዲሆን ይኸው ጻፍኩት።

ነገሩ የጀመረው በይበልጣል ነው። ይበልጣል ወደቡ ላይ ክሬን የሚነዳ፣ አገሩ ከደምበጫ ወዲያ የሆነ የጎጃም ልጅ ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «የእኛን አገር ፓምፕ ሐይቅ ዋጠው» አለን። የመንደሩ ገበሬዎች አዋጥተው የገዙት የመስኖ ፓምፕ በርሜል ላይ ታስሮ ሐይቁ ዳር ተንሳፍፎ ይሠራ ነበር። አንድ ጠዋት በርሜሉ ተቀደደና ፓምፑ ከነቧንቧው ሰጠመ። አባቱ አቶ አንማው ድንጋይ በገመድ አስረው ሲለኩ አርባ ሁለት ሜትር ሆነ። ሽንኩርቱና ድንቹ ገና ቡቃያ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ ሩቅ።

የሥራ ባልደረባዬ ሙክታር፣ እሱም የድሬ ልጅ ነው፣ ማንኪያውን አስቀመጠና ወደ እኔ ዞረ። «እናወጣዋለን» አለ። ልቤ ያኔውኑ ጎጃም ደረሰች።

ችግሩ ኮምፒውተር ነበር። ጠላቂ ያን ያህል ወርዶ ሲቆይ ሰውነቱ ከሚተነፍሰው አየር ናይትሮጅን ይጠጣል። ድንገት ከወጣ ያ ናይትሮጅን እንደተከፈተ ለስላሳ ደሙ ውስጥ ይፈላል፤ ሽባ ያደርጋል፣ ይገድላልም። ስለዚህ እየቆሙ እያረፉ ነው የሚወጣው። በየትኛው ጥልቀት ስንት ደቂቃ እንደሚታረፍ የሚያሰላው እጅ ላይ የሚታሰረው ኮምፒውተር ነው። የእኔ ከመርከብ ሆድ በታች የማይወርድ ተራ ነገር ነበር። ሙክታር ደኅና አለው፤ ግን የሱ የሚቆጥረው የሱን ሰውነት ነው፣ በሰው ኮምፒውተር አይወጣም። ለዚህ ሥራ ተብለው የተሠሩት ደግሞ ዋጋቸው ሞተር ሳይክል ይገዛል።

ጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ ጠላቂ ጅቡቲ ውስጥ የመጥለቂያ ዕቃ ይሸጣሉ። አቅሜን ነገርኳቸው። ሁለት አወጡልኝ፤ ዋጋቸው እኩል። አንዱ አዲስ፣ ስስ፣ መስታወቱ የሚያበራ፣ ግን አንድ ዓይነት ጋዝ ብቻ የሚያውቅ። ሌላው አሮጌ፣ እንደ ሳሙና የደነደነ፣ ፊቱ የተቧጨረ፣ መመሪያው የጠፋ፤ ግን ከአንድ በላይ ጋዝ ይቀበላል። ማረፊያ ላይ አየሩን ትቶ ንጹሕ ኦክስጅን የሚተነፍስ ሰው ናይትሮጅኑ ቶሎ ይወጣለታል፤ ይህን የሚቆጥርለት እንዲህ ያለው ነው። «ሁለቱንም ይዘህ ሂድ፤ ስትመለስ የማትፈልገውን ታመጣልኛለህ» አሉኝ። እንዲህ ያለ ሻጭ ከዚያ በፊት አላየሁም።

ሐሙስ፤ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ

የአየርና የኦክስጅን ሲሊንደሮቻችንን ጭነን ገና ሳይነጋ በአይሱዙ ተነሳን። ሁለቱንም ኮምፒውተሮች፣ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ እጄ አስሬያለሁ። ሾፌሩ በየመታጠፊያው ያየኝና ይስቃል፤ «ሰዓቱ ሁለት ነው ወይስ ሦስት?»

ያሰርኳቸው ለጌጥ አልነበረም። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ስሌቱ ይለወጣል፤ ከፍታውን የማያውቅ ኮምፒውተር ቀይ ባሕር ላይ ያለህ መስሎት ያለ ጊዜው ውጣ ይልሃል። ዓባይ በረሃ ደግሞ ለፈተና የተሠራ ይመስላል፤ ከጎሐ ጽዮን እንደ ጉድጓድ ትወርዳለህ፣ ድልድዩን ተሻግረህ እስከ ደጀን መልሰህ ትወጣለህ። አዲሱ ላይ የከፍታውን ደረጃ የሚነግር ሁለት የተራራ ምልክት ነበር። ወርደን ሙቀቱ ሲቀበለን ሙክታር የሸሚዙን ቁልፍ ፈቶ «ድሬ ደረስን!» ብሎ ጮኸ፤ የአዲሱም ምልክት ወደ አንድ ወረደ። ደጀን ስንወጣ ሁለት ሆነ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። አሮጌው ግን ከላይም ከታችም ያው ነው፤ ንቅንቅ አላለም።

«ይኼ ሞቷል» አልኩ።

«ወይም ነጋሪ ይፈልጋል» አለ ሙክታር።

አንድ ኬላ ላይ ጠባቂው ሸራውን ገልጦ ሲሊንደሮቹን አየና ወደ ኋላ ሸሸ። «ምንድን ነው ይሄ?»

«አየር ነው» አልኩት።

«አየር?»

«አየር። ከጅቡቲ።»

ጎንበስ ብሎ አንኳኳው። «አየርማ እዚህ ሞልቶ የለም እንዴ! ያን ያህል መንገድ ምን አሸከማችሁ?» ብሎ ገመዱን ጣለልን። እስከ ደብረ ማርቆስ በዚች ሳቅን።

ይበልጣል ሥራ ስለያዘው አልመጣም፤ ያረፍነው ግን በሱ አጎት ቤት ነው። የኔታ ይሏቸዋል፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት መምህር ናቸው። ድሬ በዚያ ወር ሰው ግቢው ውስጥ አንሶላ ብቻ ለብሶ ይተኛል፤ ደብረ ማርቆስ ላይ በሁለት ብርድ ልብስና በየኔታ ጋቢ ውስጥ ሆኜ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር።

ዓርብ፤ ደብረ ማርቆስ

ከቆላ የመጣ ጠላቂ ደጋውን ሳይለምድ ውሃ አይገባም። ስለዚህ የዕለቱ ሥራችን መተንፈስ ብቻ ነበር። እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም፤ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ የአሮጌውን መመሪያ ፍለጋ ጀመርኩ። አንዷ ገጽ እስክትወርድ ሻይ ይቀርባል፣ ይጠጣል፣ ይቀዘቅዛል። ዘጠነኛው ገጽ ላይ መብራት ጠፋ። የቤቱ ባለቤት፣ ወፍራም ሹራብ የለበሰች ወጣት ሴት፣ «ሲመጣ አውርጄ አትሜ እልክልሃለሁ፤ የየኔታ እንግዳ አይደለህ?» አለችኝ። እኔ ሳልነግራት እንዴት አወቀች? ከተማው እንደ ድሬ ነው፤ እንግዳ ከመግባቱ ወሬው ቀድሞ ቁርስ ይበላል።

ዓርብ ስለሆነ ምሳው ሽሮና ጎመን ነበር፤ ጾሙ ለሙክታርም ተመቸው፣ የሥጋ ጥያቄ ሳይነሳ ከአንድ መሶብ በላን። የኔታ እጄ ላይ ያሉትን አዩ።

«ልጄ፣ ይኸ ምንድን ነው?»

«የኔታ፣ ባሕር ውስጥ ስገባ ስንት ደቂቃ እንደምቆይ የሚያሰላልኝ ነው።»

ዓይናቸው በራ። «ባሕር ውስጥ ያስባል? እንግዲያማ ይኸ ባሕረ ሐሳብ ነው እንጂ ምን ኮምፒውተር ትለዋለህ!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ባሕረ ሐሳብ እሳቸው የሚያስተምሩት የበዓላትና የአጽዋማት ቀመር ነው። የቀመሩን ቁጥሮች፣ መጥቅዕና አበቅቴን፣ በጣታቸው አንጓ ላይ ይቆጥሯቸዋል፤ ወረቀት አያነሱም።

«ሲሳሳት ማን ያርመዋል?» ጠየቁኝ።

«ሌላኛው፣ የኔታ። ሁለት የያዝኩት ለዚያ ነው።»

«ሁለቱ የተለያዩ እንደሆነስ?»

እኔና ሙክታር በከፍታ ሠንጠረዥ አስልተን፣ ውሃ ውስጥ በሚነበብ ሰሌዳ ላይ የጻፍነውን አሳየኋቸው። በታቀደው ሰዓት ብንወጣ፣ አምስት ደቂቃም ብንዘገይ፣ የእያንዳንዱ ማረፊያ ደቂቃ ተጽፏል። ሰሌዳውን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ ገለበጡት።

«በል በቃልህ።»

«የኔታ፣ ተጽፏል እኮ።»

«የተጻፈ ይጠፋል። በል።»

እስኪመሽ ድረስ እንደ ጀማሪ ተማሪ አስቀጸሉኝ። የመዘግየቱን ረድፍ ስሳሳት እንደገና ከላይ ያስጀምሩኛል። በመጨረሻ፣ «የምትገባው መቼ ነው?» አሉ። እሑድ አልኳቸው። «እሑድማ በሰንበት ማን ገመድ ይጎትትልሃል? ሰኞ ይሁን፤ በዓልም የለበት» አሉና ቀናችንን ለወጡልን። ሳስበው ሰውነታችን ደጋውን እንዲለምድ ያ አንድ ቀን ጠቅሞናል።

ልንተኛ ስንል የኢንተርኔት ቤቷ ልጅ የታተመውን ይዛ በሩን አንኳኳች። ሙክታር ልክ ነበር። አሮጌው ከፍታውን ራሱ አያውቅም፤ ከመግባትህ በፊት ደረጃውን በእጅህ ትነግረዋለህ። ሁለት ጊዜ ተጭኜ ነገርኩት። ተራራው ብቅ አለ። ሙክታርን አቅፌ ግንባሩን ሳምኩት።

ቅዳሜ፤ ደምበጫና ከዚያ ወዲያ

በብርዱ ነው መሰለኝ፣ ጠዋት አዲሱ ላይ የባትሪ ማስጠንቀቂያ በራ። ደምበጫ ስንደርስ ገበያው ሞልቷል፤ ባጃጅና ፈረስ አንዱ ሌላውን «ዞር በል» ይባባላሉ። ድሬ ባጃጅን እንጂ ያን ያህል ፈረስ አላየንም፤ ሙክታር ለእያንዳንዱ ፈረስ መንገድ ይለቅ ነበር።

ሰዓት ሠሪ አገኘን፤ አያ መልካሙ ይሏቸዋል፤ ዣንጥላ ሥር ተቀምጠው አንድ ዓይናቸው ላይ ማጉያ ያደረጉ ሰው። አዲሱን አገላብጠው አዩት።

«የባትሪው ድንጋይ የተለየ ነው፤ እኔ ዘንድ የለም። ቢኖርም አልከፍተውም።»

«ለምን?»

«ላስቲኩን አንድ ጊዜ ከነካሁት ውሃ አያስገባም ብዬ አልምልልህም። አንተ ይዘኸው ስትገባ እኔ እዚህ እንቅልፍ አላገኝም።»

የእጅ ሰዓት ባይሆንም ሌላ ሠሪ ቢሆን ይከፍተው ነበር። ከዚያ አሮጌውን ሰጠኋቸው። ክዳኑን በሳንቲም አዙሬ አሳየኋቸው፤ ውስጡ ያለው በየሱቁ የሚሸጠው፣ ለሪሞት የሚሆነው የባትሪ ድንጋይ ነበር። አያ መልካሙ ማጉያቸውን አወረዱ፤ «ይሄማ አገር የሚያውቅ ዕቃ ነው!» ከሳጥናቸው አራት አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡ። ሒሳብ ስል ተቆጡ።

ከደምበጫ ባጃጅ መንገዱ እስከሚያልቅበት አደረሰን። ከዚያ መንደርተኛው ሲሊንደሮቹን በቃሬዛ ተሸከመ፤ ሌላ መሸከሚያ አልነበረም። ሸራ አልብሰናቸው በአራት ሰው ትከሻ ሲሄዱ መንገደኛው ሁሉ ኮፍያውን እያወለቀ «እግዜር ይማረው» ይላል። ተሸካሚዎቹም ከድካም የተነሳ ሊያስረዱ አይቆሙም፤ «አሜን» ብለው ያልፋሉ። ሙክታር ፈረስ ላይ ነበር። አንድ አቧራማ ቦታ ላይ ፈረሱ መንከባለል አማረውና ተኛ። ሙክታር ቀስ ብሎ እንደ ጆንያ ተንሸራቶ ወረደና ተነስቶ ፈረሱን ይቅርታ ጠየቀው።

እሑድ፤ ሐይቁ አፋፍ ላይ

የሐይቁን ስም አልጽፍም፤ ሽማግሌዎቹ ፀበል ስላለበት ሰው እንዳይበዛ ብለው ለምነውኛል። ጥንት እሳት የተፋ ተራራ አፍ ነው። መንደሩ አፋፉ ላይ ነው፤ ውሃው ገደሉን ወርደህ ወርደህ ከታች፣ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ቀይ ባሕር ፊት ለፊትህ ነው የሚተኛው፤ ይሄ ግን ከሥርህ ሆኖ ቀና ብሎ ያይሃል።

አቶ አንማውና ባለቤታቸው እማማ ጥሩዬ ቤታቸውን ለቀቁልን። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አቶ አንማው ሁለት ዶሮና አንድ ካራ ይዘው ሙክታር ፊት ቆሙ።

«ይኼን አንተ በሃይማኖትህ እረድ። ድስቱም አዲስ ነው፤ የኛ ሥጋ አልነካውም። ይኼኛውን ለኛ እኛ እናርዳለን።»

ሙክታር ካራውን በሁለት እጁ ተቀበለ። በኋላ ሲነግረኝ፣ ወደቡ ላይ ስንት ዓመት አብረውት የሚበሉ ሰዎች ይህን አስበውለት አያውቁም። ሁለት ድስት ጎን ለጎን ተጣደ። እኔ ከሁለቱም ቀመስኩ፤ የትኛው ይበልጣል ሲሉኝ ደፍሬ አልተናገርኩም።

ከሰዓት አፋፉ ላይ ተቀምጬ ምርጫዬን ጨረስኩ። አዲሱ ከፍታውን ራሱ ያውቃል፤ ግን ባትሪው እየደከመ ነው፣ ማረፊያው ላይ የምተነፍሰውን ኦክስጅንም አይቀበልም። አሮጌው ሳትነግረው ምንም አያውቅም፤ የነገርከውን ግን ይይዛል። አሮጌውን በቀኝ፣ አዲሱን ለመጠባበቂያ በግራ አስራለሁ አልኩ።

ሰኞ፤ አርባ ሁለት ሜትር

መንደሩ ሁሉ ወርዷል። አንድ ጥማድ በሬ ፓምፑን በሚጎትተው ገመድ ጫፍ ላይ ቆሟል። አሮጌውን ከፍታውን ነገርኩት፣ ሁለቱን ጋዞች ነገርኩት፤ ሙክታር አየልኝ። ገባን።

ውሃው ብርዱ ፊቴን እንደ ጥፊ መታኝ። ከአሥር ሜትር በታች ቀኑ ጨለመ፤ በመብራታችን ሄድን። ገመዱን ተከትለን ስንወርድ፣ ተዳፋቱ ላይ ባለች ደረጃ መሳይ ቦታ ላይ ፓምፑ ቁጭ ብሎ አገኘነው። ቀይ ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም! ውሃ ውስጥ ጮህኩ፤ አረፋዬ ብቻ ወጣ።

በአየር የሚነፋውን ማንሻ ከረጢት ፓምፑ ላይ አስሬ አየር ስሞላው ቧንቧው ድንጋይ ውስጥ ተቀርቅሮ አላንቀሳቅስ አለ። ሙክታር ከበላዬ ሆኖ የከረጢቱን ገመድ ይዟል። ታገልኩ። ቧንቧውን በቢላ ቆረጥኩት። ፓምፑ ድንገት ተነስቶ ሲያልፈኝ ሰሌዳዬን ከደረቴ ላይ በጥሶ ወደ ታች ሰደደው። ሰዓት አየሁ፤ ካቀድነው አራት ደቂቃ አልፈናል።

መውጣት ጀመርን። ዘጠኝ ሜትር ላይ ቆምን፤ ስድስት ሜትር ላይ ወደ ኦክስጅን ቀየርኩ፣ አሮጌውም ጠየቀኝና አረጋገጥኩለት። ከዚያ ሁለቱን እጆቼን አንድ ላይ አቀረብኩ። ቀኝ፦ አሥራ ሰባት ደቂቃ። ግራ፦ ሠላሳ አንድ። ሙክታር ከበላዬ ስለነበር የሱ አሥራ ሁለት ብቻ ይላል።

ፈራሁ። አዲሱ ኦክስጅኑን እንደማያውቅ አውቃለሁ፤ ግን ብርድ ውስጥ፣ ከላይህ ስድስት ሜትር ውሃ ተሸክመህ፣ የምታውቀው ሁሉ ይሸሻል። ትላንት የተመረጠው አሮጌ ዕቃ ቢዋሽስ? ሠላሳ አንዱን ልጠብቅ ብል ኦክስጅኔ አይበቃም። ዓይኔን ጨፍኜ ዓርብ የተቀመጥኩበትን የየኔታን ቤት ወለል አየሁ፤ ከላይ ጀመርኩ። የመዘግየቱ ረድፍ፣ ዘጠኝ ሜትር፣ ስድስት ሜትር... አሥራ ስምንት። እንደገና ከላይ። አሥራ ስምንት። ከቀኝ እጄ ጋር አንድ ደቂቃ ብቻ ነው ልዩነታቸው።

አሥራ ስምንቱን ቆይቼ አምስት ጨመርኩ። ሙክታር የራሱን ጨርሶ ነበር፤ ውጣ ብዬ በእጄ ባመለክተውም ራሱን ነቀነቀና ገመዱን ይዞ አጠገቤ ቆየ፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ።

ብቅ ስንል የመጀመሪያው የሰማሁት እልልታ ነው። በሬዎቹ ዳገቱ ላይ ናቸው፤ ፓምፑ ሣሩ ላይ ውሃ እያንጠባጠበ ቁጭ ብሏል። የመንደሩ መካኒክ የሞተሩን ሻማ ፈትቶ ዘይቱን እያፈሰሰ፣ «ይነሳል! በሁለት ቀን አስነሳዋለሁ!» ይላል። አቶ አንማው ራቁት ጀርባዬ ላይ ጋቢያቸውን ጣሉና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አቆዩት።

አዲሱ፣ ትእዛዜን ጥሰሃል ብሎ ራሱን ቆልፏል። አልፈርድበትም፤ በሚያውቀው ልክ ነው፤ አንድ ጋዝ ብቻ ይዞ ለሚጠልቅ ሰው ጥሩ ዕቃ ነው። ጅቡቲ ስመለስ ለሽማግሌው ሰጠኋቸው፤ አሮጌው ይህን ስጽፍም እጄ ላይ ነው። ያን ዕለት አሮጌው የሚያሳየው የአውሮፕላን ሥዕል ነበር፤ አጠገቡ ሰዓት ይቆጥራል።

«ምን ይላል?» አሉ አቶ አንማው።

«እስከ ነገ ጠዋት አውሮፕላን አትሳፈር ነው የሚለኝ።»

ዙሪያችን ያለው ሰው ተያየ። «እዚህ አውሮፕላን ከየት ይመጣል ብሎ ነው?»

«ዳገቱ ነው አውሮፕላኑ» አልኩ። «ከፍ ወዳለ ቦታ ከወጣን ያመናል። እዚሁ ውሃው ዳር ማደር አለብን።» ሳቁ፤ ከዚያ እንደ ማዘን አሉ፤ ላይ ቤት ድግስ ተደግሷል፣ በግ ወድቋል፣ ለሙክታርም ጠዋት በሱ እጅ የታረደ ሌላ ዶሮ አለ።

ለካ አንዱ ሮጦ ወጥቶ ነግሯል። ብዙም ሳይቆይ የገደሉ መንገድ በሰው ተሞላ። መሶብ በራስ፣ ጋን በጀርባ፣ ድንኳን በቃሬዛ፤ ሁለቱም ድስቶች ለየብቻ። ከሁሉ ኋላ እማማ ጥሩዬ በሁለት ሰው ተደግፈው ይወርዳሉ። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ሐይቁ ዳር ከደረሱ ዓመታት እንዳለፋቸው አጠገቤ ያሉት በሹክሹክታ ነገሩኝ። ደርሰው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ውሃውን አዩ።

«እማማ፣ ለምን ወረዱ? ምግቡ ይበቃን ነበር» አልኳቸው።

«እስከ መቼ ነው አትውጡ የተባላችሁት?»

«እስከ ጠዋት።»

«እንግዲያማ አብረን እንወጣለና» አሉና ነጠላቸውን አውልቀው ሣሩ ላይ አነጠፉ፤ «በሉ ቅረቡ፣ ሳይቀዘቅዝ።»